የጋራ ሜሞሪ እንዴት ይደልደል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ፕሮግራሞች አንድ የሜሞሪ ክፍል በጋራ ሲይዙ ክፍሉን ማን ይቀበላል፣ ማን ያድላል፣ ማን ይመልሳል? ጠያቂዎቹ ሁሉ በሲ ቋንቋ ላይብረሪ የሚጽፉ ናቸው። ላይብረሪያቸውም በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ሳይለወጥ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን መልሳችንን ከሥራቸው አስፍረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ለእህል መጋዘን የሚሆን ላይብረሪ እየጻፍን ነው። አንዱ ፕሮግራም ከሚዛኑ ላይ ክብደት ያነባል፣ ሁለተኛው ደረሰኝ ያትማል፣ ሦስተኛው ኩንታሉንና ሒሳቡን ስክሪን ላይ ያሳያል። ሦስቱም የሚገናኙት በጋራ ሜሞሪ ነው። በሊኑክስ ጀመርነው፤ መጋዘኑ ያለው ግን ዊንዶውስ ነው፤ አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ማክ ይዟል። አሁን ኮዱ በየመስመሩ «ሊኑክስ ከሆነ እንዲህ፣ ዊንዶውስ ከሆነ እንዲያ» እያለ ተበጣጥሷል። አንድ ወጥ በይነገጽ እንዴት እናዋቅር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኮዳችሁን የበጣጠሰው ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። አንደኛው ሥራ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቦታ መቀበል ነው። ሁለተኛው የተቀበሉትን ቦታ ለየጠያቂው ቆርሶ ማደል ነው። ሲስተሞቹ የሚለያዩት በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በሁሉም ዘንድ ያው የቁጥር ሥራ ነው። ስለዚህ ለሁለት ክፈሉት። «ሊኑክስ ከሆነ» የሚለው ቃል ከታችኛው ፋይል ውጭ አንድም ቦታ መታየት የለበትም። የአፓቼ ፖርተብል ራንታይም ላይብረሪም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰግመንት (ከሲስተሙ የተገኘ የሜሞሪ ክፍል) የሚቀበለው ክፍል ለብቻው፣ በሰግመንቱ ውስጥ የሚያድለው ክፍል ለብቻው ነው።

የታችኛው ክፍል ከስድስት ፈንክሽን በላይ አያስፈልገውም፤ ፍጠር፣ ተያያዝ፣ ተለያይ፣ አጥፋ፣ መነሻውን ስጠኝ፣ መጠኑን ንገረኝ። «ፍጠር» የሚቀበለው ስም፣ መጠንና ፈቃድ ነው። ስሙ ባዶ ከሆነ ስም አልባ ሰግመንት ማለት ነው። ይህ ግን በፎርክ (ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ራሱን በሚቀዳበት ጥሪ) ለሚወለዱ ልጅ ፕሮሰሶች ብቻ የሚሆን ነው፤ ዊንዶውስ ፎርክ የለውምና ስም አልባው እዚያ የሚተላለፈው ሃንድሉን (ሲስተሙ የሰጠውን መያዣ) በማውረስ ነው። የእናንተ ሦስት ፕሮግራሞች በየራሳቸው የሚነሡ ስለሆኑ ስም ያለው ነው የሚያስፈልጋችሁ።

በሊኑክስና በማክ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በ«ሸም ኦፕን» ትከፍታላችሁ፤ የ«ፍጠር» እና የ«ካለ እንቢ በል» ምልክቶች አብረው ይሰጡ። በ«ኤፍ ትራንኬት» መጠኑን ትወስናላችሁ። በ«ኤም ማፕ» ወደ ፕሮሰሱ ታመጣላችሁ። ከዚያ ፋይል ዲስክሪፕተሩን («ሸም ኦፕን» የመለሰውን ቁጥር) መዝጋት ይቻላል፤ የመጣው ሜሞሪ ይቆያል። በዊንዶውስ «ክሪኤት ፋይል ማፒንግ» እና «ማፕ ቪው ኦፍ ፋይል» ሁለቱ ይበቃሉ፤ ሃንድሉን ግን አትዝጉት፤ የመጨረሻው ሃንድል ሲዘጋ ስሙ ይጠፋልና ኋላ የሚመጣው ፕሮሰስ አያገኘውም። ሌላም ወጥመድ አለ። ሰግመንቱ ቀድሞ ካለ «ክሪኤት ፋይል ማፒንግ» አይከለክልም፤ የነበረውን፣ በነበረበት መጠን ይሰጣል። የስህተት ቁጥሩን ጠይቃችሁ 183 ከመለሰ ፈጣሪው እናንተ አይደላችሁም። ይህን ያላየ ላይብረሪ የሌላውን ሒሳብ አጥፍቶ ከዜሮ ይጀምራል።

ስሙን በተመለከተ፣ በፖዚክስ ሲስተሞች (እዚህ ሊኑክስና ማክ) ስሙ በመሰላል ሰረዝ (/) ይጀመር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰረዝ አይኑርበት። ማክ ከ31 ባይት የረዘመ ስም አይቀበልም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ ሰረዙ 1 ባይት ከሆነ ለስም የሚተርፈው 10 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የሰጣችሁን ስም በቀጥታ አትጠቀሙበት፤ በሃሽ (ጽሑፍን ወደ ቋሚ ርዝመት ኮድ በሚለውጥ ስሌት) ወደ አጭር የላቲን ፊደልና ቁጥር ለውጡት። በዊንዶውስ ደግሞ ደረሰኝ አታሚው ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ከሆነ የሚሠራው በሴሽን 0 ነው፤ ስክሪኑ ግን በተጠቃሚው ሴሽን ነው። ያለ ቅድመ ቅጥያ የተሰጠ ስም ከሴሽን ሴሽን አይታይም። «ግሎባል» የሚለውን ቅድመ ቅጥያ ጨምሩ፤ በዚህ ስም መፍጠር የተለየ መብት ይጠይቃልና ፈጣሪው ሰርቪሱ ይሁን፤ ስክሪኑ ይያያዝ።

መጠን የሚሰጠው በገጽ፣ ማለትም ሲስተሙ ሜሞሪን በሚያድልበት ቋሚ ቁራጭ ነው። የተለመደው የሜሞሪ ገጽ 4,096 ባይት ነው፤ በአፕል ሲሊከን ማክ ግን 16,384 ነው። 100,000 ባይት ብትጠይቁ አንዱ 25 ገጽ ማለትም 102,400፣ ሌላው 7 ገጽ ማለትም 114,688 ባይት ይይዛል። ከሲስተሙ የሚመለሰው መጠን ወደ ገጽ የተጠጋጋ ሊሆን ስለሚችል የጠየቃችሁትን ትክክለኛ መጠን በሰግመንቱ ራስጌ (በመነሻው ላይ ለመቆጣጠሪያ መረጃ በተተወው ቦታ) ላይ ራሳችሁ ጻፉት፤ ሁሉም ከዚያ ያንብብ።

ከሁሉ የከበደው ልዩነት ዕድሜ ነው። በዊንዶውስ ሰግመንቱን የያዘው የመጨረሻው ሲለቅ ሰግመንቱም ይጠፋል። በፖዚክስ ግን «ሸም አንሊንክ» እስኪባል ወይም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ይኖራል። ላይብረሪያችሁ ከሁለቱ አንዱን ቃል ይግባና በሌላው ላይ አስመስሎ ይሥራ። ለእናንተ የሚሻለው የዊንዶውሱ ነው፤ በፖዚክስ ላይ በራስጌው የተያያዦችን ቁጥር ይዛችሁ የመጨረሻው ሲለቅ አንሊንክ ታደርጋላችሁ። ቁጥሩ ፕሮሰስ በድንገት ሲሞት ይሳሳታል፤ ለዚያ የሚሆነው መፍትሔ ከታች ለደጀኑ ጠያቂ በሰጠነው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ በጋራ ሜሞሪ ላይ ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ ክፍል፣ ማለትም ኖድ፣ ቀጣዩን የሚጠቁምበት ዝርዝር) ሠራሁ። በመጀመሪያው ፕሮሰስ በደንብ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ገና አንደኛውን ኖድ አልፎ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ሰግመንቴሽን ፎልት ብሎ ይወድቃል። የሚገርመው በፎርክ ስሞክረው ምንም አይሆንም። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በኖዱ ውስጥ ያስቀመጡት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ነው፤ መቀመጥ የነበረበት ግን ርቀት ነው።

ሁለት እንግዶች ወደ ደብረ ማርቆስ ይመጣሉ እንበል፤ አንዱ በደጀን በኩል፣ ሌላው በፍኖተ ሰላም በኩል። «ከተማ እንደገቡ አንድ ኪሎ ሜትር ይሂዱ» ቢባሉ ሁለቱ ሁለት ቦታ ይቆማሉ። «ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ገበያው» ቢባሉ ግን በየትም ይምጡ አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። የሰግመንቱ መነሻ የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ለማንበብ እንዲቀል ትንንሽ አድራሻ እንውሰድ። ሰግመንቱ በመጀመሪያው ፕሮሰስ 409,600 ላይ፣ በሁለተኛው 819,200 ላይ መጣ። ኖዱ ከመነሻው 4,160 ባይት ርቆ ነው ያለው። መጀመሪያው ፕሮሰስ ፖይንተሩን እንዳለ ከጻፈው 413,760 ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው ያንን አምኖ ሲሄድ በእሱ ዘንድ 413,760 ላይ ምንም የለም፣ ወይም የራሱ ሌላ ነገር አለ። ሌላ ነገር ካለበት የከፋ ነው፤ አይወድቅም፣ ዝም ብሎ ያበላሻል። 4,160 ተብሎ ቢጻፍ ግን ሁለተኛው ከራሱ መነሻ ጋር ደምሮ 823,360 ያገኛል፤ ኖዱም እዚያ ነው።

ፎርክ ያሳሳተዎት ልጅ ፕሮሰስ የአባቱን የሜሞሪ ካርታ እንዳለ ስለሚወርስ ነው፤ አድራሻዎቹ ይገጥማሉ። ለየብቻ የተነሡ ፕሮሰሶች ግን ሲስተሙ ለደህንነት ሲል አድራሻቸውን ስለሚያዘበራርቅ አይገጥሙም። በፎርክ የተፈተነ የጋራ ሜሞሪ ኮድ እንዳልተፈተነ ይቁጠሩት። የሚሻለው ፈተና ቀላል ነው፤ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያንኑ ሰግመንት ሁለት ጊዜ ማፕ ያድርጉ። ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ያገኛሉ። በአንዱ ይጻፉ፣ በሌላው ያንብቡ። የተረሳ ፖይንተር ካለ ሁለተኛውን ሳይሆን የመጀመሪያውን መነሻ እየጠቆመ ራሱን ያጋልጣል፤ እያንዳንዱ የተነበበ አድራሻ በሁለተኛው ወሰን ውስጥ መሆኑን በአሰርት (ሐሰት ሲሆን ፕሮግራሙን በሚያቆም ፍተሻ) ቢያረጋግጡ ስህተቱ ያለበትን መስመር ያገኙታል።

አንዳንዱ «በተወሰነ አድራሻ ላይ ማፕ አድርግ» የሚለውን ምልክት በመጠቀም ሁሉም ፕሮሰስ አንድ አድራሻ እንዲይዝ ያደርጋል። አንመክርም። ይህ ምልክት በዚያ አድራሻ ላይ የነበረውን ማንኛውንም ነገር ሳይጠይቅ ይሽረዋል፤ ሌላ ላይብረሪ ያረፈበት ከሆነ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ካልተጠበቀ ሌላ ቦታ ነው።

ርቀቱን ሲጽፉ ዓይነቱ መጠኑ የታወቀ ይሁን፤ 32 ቢት ወይም 64 ቢት ብለው ይወስኑ። «ሎንግ» የሚለው ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ነው። 32 ቢት ርቀት እስከ 4 ጊጋባይት ያደርሳል፤ ሁሉም ብሎክ በ16 ባይት ልክ የሚጀምር ከሆነና ርቀቱን በ16 አካፍለው ከጻፉት እስከ 64 ጊጋባይት ይደርሳል። በርቀት 0 ላይ ሁልጊዜ ራስጌው ስለሚቀመጥ ማንም ብሎክ 0 ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ 0 «የለም» ማለት ይሁን።

ርቀቱን ወደ ፖይንተር የሚለውጥ አንድ ፈንክሽን ብቻ ይኑር፤ ወሰኑንም እሱ ይፈትሽ። ሲፈትሽ «ርቀት ሲደመር ርዝመት ከመጠኑ ያንሳል ወይ» ብለው አይጻፉት፤ ድምሩ ሞልቶ ሊፈስና ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ርቀቱ ከመጠኑ አለመብለጡን፣ ከዚያ ርዝመቱ ከመጠን ሲቀነስ ርቀት አለመብለጡን ይጠይቁ።

ፖይንተር ብቻም አይደለም የማይጋራው። የፈንክሽን አድራሻ፣ የፋይል ዲስክሪፕተር ቁጥር፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ቨርቹዋል ፈንክሽን ያለው ኦብጀክት፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ ትርጉም ያላቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መዝገብ ለስም 64 ባይት መድበን ነበር፤ የአማርኛ ስሞች እየተቆረጡ መጨረሻቸው የጥያቄ ምልክት ሆነ። ከዚያ እንደየርዝመቱ የሚያድል አሎኬተር ጻፍን። አሁን ደግሞ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» ይላል። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሁለቱም የታወቁ በሽታዎች ናቸው። ከስሙ እንጀምር። «ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር» 20 ፊደልና 4 ክፍት ቦታ አለው። 20 በ3 ሲባዛ 60፣ ክፍት ቦታዎቹ 4፣ ድምሩ 64 ባይት። የሲ ጽሑፍ መጨረሻውን የምታሳይ አንዲት ዜሮ ባይት ትፈልጋለችና 65 ይሆናል። በአንድ ባይት አለፈ። የእናንተ ኮድ 63 ባይት ወስዶ ሲቆርጥ የመጨረሻዋ «ር» ከሦስቱ ባይት ሁለቱ ብቻ ቀሩላት፤ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የታያችሁ እሱ ነው። መቁረጥ የግድ ከሆነ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ በሙሉ ፊደል ወሰን ላይ ይቆረጥ።

ሁለተኛው የቦታ መበጣጠስ ነው። 300 ባይት ባዶ፣ ከዚያ የተያዘች 32 ባይት፣ ከዚያ ሌላ 300 ባይት ባዶ አለ እንበል። ባዶው በድምሩ 600 ነው፤ 500 የሚጠይቅ ግን የሚያርፍበት የለውም። በአጎራባች እርሻዎች መካከል የሌላ ሰው ማሳ ከገባ አንድ ላይ ማረስ እንደማይቻለው ነው። ብሎኮቹን ወደ አንድ ጎን መግፋት እንዳታስቡ፤ በሌላው ፕሮሰስ እጅ ያለው ርቀት ያረጃል፣ ያንን ለእያንዳንዱ ማስታወቅ ደግሞ ከችግሩ የባሰ ሥራ ነው።

የምንመክረው ይህን ነው። ለትንንሽ ጥያቄዎች የመጠን መደቦች ያዙ፤ 32፣ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256፣ 512፣ 1,024። እያንዳንዱ መደብ የራሱ የነጻ ብሎኮች ዝርዝር ይኑረው። 65 ባይት የሚጠይቀው ስም ወደ 96 ይገባል፤ 31 ባይት ይባክናል። በሁለት እጥፍ ብቻ የሚሄድ ባዲ አሎኬተር ቢሆን 128 ወስዶ 63 ያባክን ነበር። የተለቀቀው ብሎክ ለዚያው መደብ ተመልሶ ስለሚያገለግል ከሰዓት በኋላ የሚመጣው መበጣጠስ በእጅጉ ይቀንሳል። ከ1,024 ለሚበልጠው ደግሞ አንድ የጋራ ዝርዝር ይያዝ፤ እያንዳንዱ ብሎክ መጠኑን በመጀመሪያውም በጅራቱም ላይ 8 ባይት 8 ባይት አድርጎ ይጻፍ። ብሎክ ሲለቀቅ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን በዚያ ቁጥር አይቶ ባዶ ከሆኑ ይቀላቀላቸዋል። የጅራቱ ቁጥር ከሌለ ወደ ኋላ ያለውን ጎረቤት ለማወቅ ዝርዝሩን ሁሉ መዞር ይጠይቃል፤ ብዙዎች ይህን ትተውት መቀላቀሉን በአንድ ወገን ብቻ ያደርጋሉ፣ ባዶው ግማሽ በግማሽ ተበጣጥሶ ይቀራል።

ስንት እንደሚይዝ ቀድሞ ማስላት ይቻላል። 1 ሜጋባይት 1,048,576 ባይት ነው። ለራስጌው አንድ ገጽ፣ 4,096 ቢነሣ 1,044,480 ይቀራል፤ በ256 ሲካፈል 4,080 ብሎክ። በቀን ስንት ሚዛን እንደሚመዘገብ ስለምታውቁ መጠኑን ከዚህ ተነሥታችሁ ወስኑ።

ሰግመንቱ ሲሞላ ማስፋት የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለሁሉም ሲስተም የሚሆን የማስፋት መንገድ የለም፤ ማክ ላይ «ኤፍ ትራንኬት» በአንድ የጋራ ሜሞሪ ላይ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዊንዶውስም ከፔጅ ፋይል (ሲስተሙ ለሜሞሪ ከሚጠቀምበት የዲስክ ፋይል) የተወሰደ ሰግመንት አይሰፋም። ሁለተኛ ሰግመንት ፈጥራችሁ ቀጥሉ። ለዚህ እንዲመች ከመጀመሪያው 64 ቢት መለያ ያዙ፤ 16 ቢቱ የሰግመንቱ ተራ ቁጥር፣ 48 ቢቱ ርቀቱ። ሌላው ፕሮሰስ የማያውቀው ተራ ቁጥር ሲያጋጥመው ያን ጊዜ ይያያዛል። ዛሬ አንድ ሰግመንት ብቻ ቢኖራችሁም መለያውን እንዲህ አድርጉት፤ በኋላ መቀየር የተጠቃሚዎችን ኮድ ሁሉ ማፍረስ ነው።

አሎኬተሩ ከየት የመጣ ሜሞሪ እንደሆነ አይወቅ፤ መነሻና መጠን ብቻ ይሰጠው። ያኔ በተራ «ማሎክ» የተወሰደ 64 ኪሎባይት ላይ አስነሥታችሁ፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ እየወሰዳችሁና እየለቀቃችሁ፣ በቫልግራይንድ ወይም በአድራሻ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት በሚያድኑ መሣሪያዎች) ሥር ትፈትኑታላችሁ። ያለ ሁለት ፕሮሰስ፣ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ ላፕቶፕ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድ ወይም ፕሮግራሙን በግድ ስንገድለው በሚቀጥለው ጊዜ «ቀድሞ አለ» ብሎ አይነሣም። አንዳንዴ ደግሞ ይነሣና ቁልፉ (ሁለት ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ እንዳይገቡ የሚከለክለው) ላይ ለዘላለም ቆሞ ይቀራል። (ከደጀን)

መልስ፦ ሁለቱን ምክንያቶች እንለያቸው። መብራት ሄዶ ኮምፒዩተሩ ከጠፋ የጋራ ሜሞሪው አብሮ ጠፍቷል፤ ያለው ራም ላይ ነውና። ከመብራት መሄድ መትረፍ ያለበት ሒሳብ ወደ ፋይል ተጽፎ በ«ኤፍ ሲንክ» ዲስክ ላይ መድረስ አለበት፤ የጋራ ሜሞሪ የዚህ ዋስ ሊሆን አይችልም። «ቀድሞ አለ» የሚለው የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ፕሮሰሱ ብቻ ሲሞት ነው። በሊኑክስ ላይ የቀሩትን በ«ዴቭ ሸም» ማውጫ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ታዩአቸዋላችሁ፤ መሰረዝም ይቻላል። የድሮውን የሲስተም ፋይቭ መንገድ የምትጠቀሙ ከሆነ «አይፒሲኤስ» በሚለው ትዕዛዝ ይታያሉ፣ በ«አይፒሲአርኤም» ይጠፋሉ።

ፕሮግራሙ ግን ራሱ ያጽዳ እንጂ ሰው እንዲያጸዳለት አይጠብቅ። ችግሩ የቀረው ሰግመንት ባለቤት የሌለው መሆኑን ማወቅ ነው። የፕሮሰስ ቁጥር ጽፎ በኋላ «አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ አያስተማምንም፤ ሲስተሙ ቁጥሩን ለሌላ ፕሮሰስ መልሶ ይሰጠዋል። የሚያስተማምነው የፋይል ቁልፍ ነው። ከሰግመንቱ ጎን አንዲት ባዶ ፋይል ያዙ፤ ሰግመንቱን የያዘ ሁሉ በፋይሏ ላይ የጋራ የንባብ ቁልፍ ይያዝ። ፕሮሰስ በምንም መንገድ ቢሞት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ቁልፉን ይለቅለታል። አዲስ የሚነሣው የብቻ የጽሑፍ ቁልፍ ሳይጠብቅ ይሞክር፤ ካገኘ ማንም የለም ማለት ነውና የቀረውን አጥፍቶ አዲስ ይፍጠር፤ ካላገኘ ይያያዝ። በዊንዶውስ ሰግመንቱ ከያዦቹ ጋር ስለሚጠፋ ይህ አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ የ«ኤፍ ኮንትሮል» ቁልፍ ያንኑ ፋይል በሌላ ዲስክሪፕተር ከፍታችሁ ብትዘጉት ሳታውቁ ይለቀቃል። ፋይሏን አንድ ቦታ ብቻ ክፈቷት።

ቆሞ የሚቀረው ቁልፉን እንደያዘ የሞተ ፕሮሰስ ስላለ ነው። በሊኑክስ ሚውቴክሱን (በሜሞሪው ውስጥ የሚቀመጠውን ቁልፍ) ስትፈጥሩ ሁለት ባሕርያት ስጡት፤ «በፕሮሰሶች መካከል የሚጋራ» እና «ሮበስት»። ያኔ ቀጣዩ ጠያቂ ቁልፉን ያገኛል፤ አብሮም «ባለቤቱ ሞቷል» የሚል ምላሽ ይደርሰዋል። የዊንዶውስ ሚውቴክስ ተመሳሳይ «የተተወ» ምላሽ አለው። ማክ ሮበስት ሚውቴክስ የለውም፤ እዚያ ለሥራውም የፋይል ቁልፍ ተጠቀሙ፣ የንባብ ቁልፉ ሁሌም የተያዘ ስለሆነ ግን በሌላ ፋይል ላይ ይሁን፤ ይዘገያል፣ ለሚዛን ንባብ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ምላሹ ሲደርስ ዝም ብሎ መቀጠል አደገኛ ነው። ሟቹ ብሎክ እያወጣ በመሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የነጻ ዝርዝሮቹን ጣሏቸውና ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምራችሁ መጠናቸውን እየተከተላችሁ አዲስ ዝርዝር ሥሩ። ይህ የሚሳካው ብሎኩ «የተያዘ» የሚለውን ምልክት ከመጠኑ ጋር በአንድ ቃል ውስጥ ከጻፈና መጠኖቹ ሁልጊዜ እስከ ሰግመንቱ መጨረሻ በትክክል ከተደመሩ ነው። ጥገናው ሲያልቅ ሚውቴክሱን «ደህና ሆኗል» በሉት፤ ሳትሉ ከለቀቃችሁት ከዚያ ወዲያ ማንም ሊይዘው አይችልም።

ተቃራኒውን ቅሬታም ካያችሁ፣ ማለትም ተጠቃሚው ሲወጣ ሰግመንቱ ራሱ ከጠፋ፣ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ባለበት ሊኑክስ ላይ «ሪሙቭ አይፒሲ» የሚለውን ቅንብር ተመልከቱ፤ ተራ ተጠቃሚ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የእሱን የጋራ ሜሞሪ ያጸዳል። ሰርቪሱን በሲስተም ተጠቃሚ ሥር ማስነሣት ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ከሌላው በተለየ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ሲገባ «ባስ ኤረር» ብሎ ይሞታል። 200 ሜጋባይት ነው የምጠይቀው፤ ሲፈጥርም ስህተት አይሰጥም። (ከእንጅባራ፣ ተማሪ)

መልስ፦ በሊኑክስ «ዴቭ ሸም» ብዙውን ጊዜ የራሙን ግማሽ ያህል ነው፤ ዶከር ግን በነባሪ 64 ሜጋባይት ብቻ ይሰጠዋል። «ኤፍ ትራንኬት» የሚወስነው ርዝመቱን ብቻ ነው፤ ገጾቹ የሚሰጡት ሲነኩ ነው። 64 ሜጋባይቱ ሲያልቅ ቀጣዩን ገጽ የነካው ትዕዛዝ ስህተት የሚመልስበት መንገድ ስለሌለው ፕሮግራሙን የሚገድል ሲግናል ይመጣል፤ «ባስ ኤረር» እሱ ነው። ኮንቴይነሩን ሲያስነሡ በ«ሸም ሳይዝ» ምርጫ 256 ሜጋባይት ይስጡት። በላይብረሪው በኩል ደግሞ ከ«ኤፍ ትራንኬት» ቀጥሎ በሊኑክስ ላይ «ፖዚክስ ኤፍ አሎኬት» ይጥሩ፤ ገጾቹን ያኔውኑ ስለሚያስይዝ ቦታ ከሌለ በፍጥረቱ ሰዓት በግልጽ «ቦታ የለም» ይላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲነሡ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ራስጌውን ሁሉ ዜሮ ሆኖ ያነበዋል። (ከቻግኒ)

መልስ፦ ፈጣሪው ስሙን ካስመዘገበ በኋላ፣ መጠኑንና ይዘቱን ከመሙላቱ በፊት ትንሽ ክፍተት አለች፤ ሁለተኛው የገባው በዚያች ነው። ፈጽሞ ቀድሞ ከገባ መጠኑ ገና 0 ነው፤ ያኔ ቢነካው እንደ እንጅባራው ባስ ኤረር ይመጣል። ስለዚህ ተያያዡ መጀመሪያ መጠኑን ይጠይቅ፤ 0 ከሆነ ይጠብቅ። ከዚያ የራስጌውን ፊርማ ይመልከት። ራስጌው 4 ባይት ፊርማ፣ 4 ባይት የአቀማመጥ ቅጂ ቁጥር፣ 8 ባይት ጠቅላላ መጠን፣ 8 ባይት የነጻ ዝርዝሩ መነሻ ይኑረው፤ ቁልፉ ከእነዚህ ተለይቶ በ128ኛው ባይት ላይ ይቀመጥ፤ ቁልፉን የሚሻሙት ፕሮሰሶች ራስጌውን የሚያነቡትን እንዳያዘገዩ። ፈጣሪው ሌላውን ሁሉ ሞልቶ ፊርማውን በመጨረሻ፣ በአቶሚክ «ሪሊዝ» (ከእሱ በፊት የተጻፈው ሁሉ ቀድሞ እንዲታይ በሚያደርግ አጻጻፍ) ይጻፍ፤ ተያያዡም በ«አኳየር» ያንብብ። ያለ እነዚህ ሁለቱ ፕሮሰሰሩና ኮምፓይለሩ ቅደም ተከተሉን ሊቀያይሩት ስለሚችሉ ፊርማው ከይዘቱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ በአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ጎልቶ ይመጣል። በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት እየጠየቀ እስከ 5 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ካልመጣ ፈጣሪው በመሃል ሞቷልና ለደጀኑ ጠያቂ የነገርነውን የፋይል ቁልፍ ይሞክር። የአቀማመጥ ቅጂ ቁጥሩ ካልገጠመ አይያያዝ፤ አንዱ ፕሮግራም ታድሶ ሌላው ሳይታደስ የሚሠራበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ይኸው ላይብረሪ አንድሮይድ ላይ ይሄዳል? (ከሞጣ)

መልስ፦ ላይኛው ክፍል ሳይነካ ይሄዳል። ታችኛው ግን ሌላ ይፈልጋል፤ አንድሮይድ «ሸም ኦፕን» የለውም። ከአንድሮይድ 8.0፣ ማለትም ከኤፒአይ 26 ጀምሮ «ኤ ሼርድ ሜሞሪ ክሪኤት» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ የሚመልሰው ፋይል ዲስክሪፕተር ነው። ሌላው አፕ በስም ሊያገኘው ስለማይችል ዲስክሪፕተሩን በባይንደር (በአንድሮይድ የፕሮሰሶች መገናኛ) መላክ አለባችሁ። ለዚህ ሲባል በይነገጹ ላይ «በስም ተያያዝ» ከሚለው ጎን «በዲስክሪፕተር ተያያዝ» የሚል ሁለተኛ መግቢያ ጨምሩለት።